ሐዲዱ የማን ነው? የካናዳ የመንገደኛ ባቡር ተስፋ

ከካልጋሪ እስከ ኤድመንተን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሁለቱም ከተሞች ከሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖራል። በመካከላቸው ግን ከ1985 ወዲህ የመንገደኛ ባቡር የለም (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እዚያ ያሉት ሐበሾች ለሠርግም ለለቅሶም የሚመላለሱት በአብዛኛው በመኪና ነው። በረዶው ሲጀምር መንገዱ ያስፈራል። መኪና የሌለው ሰው ደግሞ ወይ አውቶቡስ ይጠብቃል፣ ወይ የሚሄድ ሰው ያፈላልጋል።

ይህ የሚገርመው ካናዳ ራሷ በባቡር የተሰፋች አገር ስለሆነች ነው። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ1871 ፌዴሬሽኑን የተቀላቀለችው ሐዲድ ይመጣልሻል ተብላ ነው። ምሥራቁንና ምዕራቡን ያገናኘው የመጨረሻው ሚስማር በ1885 ተመታ። ከመቶ ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። መኪናና አውሮፕላን መንገደኛውን ወሰዱት፤ የባቡር ኩባንያዎቹም ፊታቸውን ወደ ጭነት አዞሩ። መንገደኛ ማመላለሱን በ1970ዎቹ መጨረሻ ቪያ ሬይል የተባለ የመንግሥት ድርጅት ተረከበ። በጀቱ ግን ተደጋግሞ ተቆረጠ። ከባዱ ቀን ጥር 15 ቀን 1990 ነበር፤ ከቪያ አገልግሎት ግማሽ ያህሉ በአንዴ ቀረ። ካልጋሪና ሬጃይና ያን ጊዜ ከካርታው ወጡ፤ እስካሁንም አልተመለሱም።

አውቶቡስ ይተካዋል ሲባል ነበር። እሱም አልዘለቀም። ግሬይሀውንድ በ2018 ከምዕራብ ካናዳ ወጣ፣ በ2021 ደግሞ ከመላው አገሪቱ። ስለዚህ ዛሬ ስለ አካባቢያዊ ባቡር የሚነሳው ጥያቄ የናፍቆት ጉዳይ አይደለም። መኪና የማይነዱ አዛውንቶች፣ ተማሪዎችና ሕመምተኞች በምን ይሂዱ ነው ጥያቄው።

ለምን አይስፋፋም ሲባል ቶሎ የሚሰጠው መልስ “አገሩ ሰፊ፣ ሕዝቡ ትንሽ” የሚል ነው። ለሰሜኑና ለሜዳማው ምዕራብ እውነትነት አለው። ከኩቤክ ሲቲ እስከ ዊንዘር ባለው መስመር ግን ሕዝቡ ጥቅጥቅ ብሎ ነው የሚኖረው፤ የቪያ ተሳፋሪም አብዛኛው እዚያ ነው። እዚያም ቢሆን ባቡሩ ይዘገያል። በእኔ እምነት ዋናው ጥያቄ ሐዲዱ የማን ነው የሚለው ነው።

ቪያ ከሚሄድበት ሐዲድ የራሱ የሆነው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቀሪው በአብዛኛው ሲኤን የተባለው የጭነት ባቡር ኩባንያ ንብረት ነው። ቪያ ተከራይ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንደሚባለው፣ ተከራይ በሰዓቱ ልድረስ ቢልም የሚያዝዘው ባለቤቱ ነው። አንዳንድ የጭነት ባቡር ሦስት ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡር ሲገናኝ አንዱ ወደ ጎን ገለል ማለት አለበት። ረጅሙ የጭነት ባቡር ደግሞ የጎን ሐዲዱ ላይ አይበቃም። ስለዚህ ገለል የሚለው አጭሩ፣ ሰው የጫነው ነው። ተሳፋሪው በመስኮት ኮንቴይነር ሲያልፍ እየቆጠረ ይቀመጣል። አሜሪካ ቢያንስ በሕግ ለመንገደኛ ባቡር ቅድሚያ ትሰጣለች፤ ካናዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕግ የለም።

አዲስ ባቡር መግዛትም ብቻውን አላዳነም። ቪያ ከሲመንስ 32 አዳዲስ ባቡሮች አዘዘ፤ የመጀመሪያው በ2022 ሥራ ጀመረ። በ2024 መገባደጃ ሲኤን ባቡሮቹ በየመንገድ ማቋረጫው ላይ ፍጥነት እንዲቀንሱ አዘዘ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በሁለቱ ሐዲዶች ውስጥ ቀላል የኤሌክትሪክ ኃይል ያልፋል። የባቡሩ ጎማና አክስል (ግራና ቀኝ ጎማን የሚያያይዘው ብረት) ሁለቱን ሐዲዶች ሲያገናኝ ነው የማቋረጫው መብራት የሚበራው፣ መዝጊያውም የሚወርደው። አዲሶቹ ባቡሮች 24 አክስል ነው ያላቸው፤ ሲኤን የሚፈልገው ቢያንስ 32 ነው። አጭር ባቡር ምልክቱን በትክክል ላይቀሰቅስ ይችላል ባይ ነው። ነጂው መዝጊያው መውረዱን በዓይኑ እስኪያይ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ማቋረጫው ብዙ ስለሆነ ደቂቃዎቹ ይጠራቀማሉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል።

እንግዲህ ተስፋ ያለው የት ነው? ሐዲዱ በሕዝብ እጅ ባለበት ወይም አዲስ በሚሠራበት ነው። ቶሮንቶ አካባቢ ጎ ትራንዚት የተባለው የመንገደኛ ባቡር አገልግሎት በ1967 በአንድ መስመር ጀምሮ ዛሬ ትልቅ መረብ ሆኗል። የቻለው የሚያስተዳድረው የኦንታሪዮ መንግሥት ድርጅት፣ ሜትሮሊንክስ፣ የሚሄድበትን ሐዲድ አብዛኛውን ስለገዛው ነው። በተቃራኒው ጎ በ2021 እስከ ለንደን ኦንታሪዮ የሞከረው አገልግሎት አዝጋሚ ስለነበር በ2023 ቆመ።

በጣም የምጠብቀው ኖርዝላንደርን ነው። ከቶሮንቶ ወደ ሰሜን ኦንታሪዮ ይሄድ የነበረው ይህ ባቡር በ2012 ተቋረጠ። የሰሜኑ ሕዝብ ግን ዝም አላለም። ስፔሻሊስት ሐኪም ለማየት ቶሮንቶ መምጣት ያለበት የቲሚንስ ሰው በበረዶ ወቅት አውራ ጎዳና 11 ላይ ለሰዓታት መንዳት አለበት። ክፍለ ሀገሩ በ2022 ሦስት ባቡሮች አዘዘ፤ መስመሩ እስከ ቲሚንስ ይሄዳል፣ ከዚያ ከኮክሬን ጋር ይገናኛል። ከኖርዝ ቤይ ከተማ በስተሰሜን ያለው ሐዲድ የኦንታሪዮ ኖርዝላንድ፣ ማለትም የክፍለ ሀገሩ ንብረት ነው። ይህ ባይሆን ኖሮ መመለሱ እጅግ ይከብድ ነበር።

ትልቁ ዕቅድ አልቶ ነው። መንግሥት በየካቲት 2025 ይፋ ያደረገው ሲሆን ከቶሮንቶ እስከ ኩቤክ ሲቲ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ከቶሮንቶ ሞንትሪያል 3 ሰዓት ይፈጃል ተብሏል። ለዝግጅቱ ብቻ 3.9 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ተመድቧል። የራሱ ሐዲድ ስለሚኖረው የጭነት ባቡር አያስቆመውም። የሚያሳስበኝ በኦንታሪዮ ሐይቅና በሴንት ሎረንስ ወንዝ ዳር በነባሩ መስመር ላይ ያሉት እንደ ኪንግስተን፣ ቤልቪልና ብሮክቪል ያሉ ከተሞች ናቸው። አዲሱ ባቡር በፒተርቦሮ ነው የሚያልፈው። ለእነሱ ያለው አገልግሎት እንዳይቀንስ ከአሁኑ በጽሑፍ ቢታሰር ጥሩ ነው።

ካልጋሪና ኤድመንተን ያሉባት አልበርታ በ2024 የባቡር ማስተር ፕላን ማዘጋጀት ጀምራለች፤ የሁለቱ ከተሞች መስመርም፣ ወደ መዝናኛ ከተማዋ ባንፍ የሚሄደውም አሉበት። በቫንኩቨር ደሴት ከ2011 ወዲህ ባቡር ቆሟል፤ ሐዲዱ አርጅቷል፣ የነባር ሕዝቦች የመሬት ጥያቄም አለ። በምሥራቅ ኩቤክ ጋስፔ ላይ የኩቤክ መንግሥት ሐዲዱን ገዝቶ እየጠገነ ነው።

ስለ ባለቤትነት ሳስብ ሰሜን ምሥራቅ ያለው ሺዌቲን የተባለው ባቡር ይታወሰኛል። ትርጉሙ ከነባር ሕዝቦች አንዱ በሆነው በኢኑ ቋንቋ “የሰሜን ነፋስ” ነው። ከ2005 ጀምሮ ሐዲዱ የሦስት የኢኑና የናስካፒ ማኅበረሰቦች ነው። መስመሩ ወደሚያደርስበት ወደ ሼፈርቪል ከተማ የሚወስድ የመኪና መንገድ የለም፤ በምድር ያለው ባቡሩ ነው። አዳኝና ዓሣ አጥማጅ ከጫካ ሰፈሩ አጠገብ ውረድ ሲለው ይቆማል፤ ሰውየው ዕቃውን አውርዶ ይሄዳል።