የዌብ ሰርቨርን በብራውዘር ማስተዳደር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጎንደር ለሆቴሎች፣ ለአስጎብኚ ድርጅቶች እና ለትምህርት ቤቶች ድረ ገጽ የሚሠሩ ብዙ ወጣቶች ሰርቨራቸውን (ድረ ገጹን የሚያስተናግደውን ኮምፒውተር) የሚያስተዳድሩት በተርሚናል፣ ማለትም በጽሑፍ ማዘዣ መስኮት፣ ትእዛዝ እየጻፉ ሳይሆን፣ እንደ ዌብሚን፣ ሲፓነል እና ኮክፒት ባሉ በብራውዘር የሚከፈቱ የማስተዳደሪያ ገጾች (ፓነሎች) ነው። መሣሪያዎቹ እጅግ ጠቃሚ ናቸው፤ ስለ እነርሱ ከሚነገረው ውስጥ ግን የደንበኛን ሥራ ለአደጋ የሚያጋልጥ ስሕተት አለ።

«እዚህ መብራት ከጠፋ ድረ ገጹም ይጠፋል» የሚለው የደንበኞች ስጋት ነው። ሰርቨሩ በኪራይ የተያዘው በሌላ ቦታ ባለ የዳታ ማዕከል ከሆነ፣ ፒያሳ ባለው ቢሮ መብራት ሲጠፋ የሚዘጋው የእኛ ማሳያ ብቻ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ለተጀመረ ሥራ ነው፤ በተርሚናል የተጀመረ የሶፍትዌር ማሻሻያ ግንኙነቱ ሲቋረጥ በመሐል ሊቆም ስለሚችል፣ ግንኙነት ቢቋረጥም ሥራውን በሰርቨሩ ላይ በሚያስቀጥሉት፣ ቲመክስ ወይም ስክሪን በተባሉት ፕሮግራሞች ውስጥ ሆኖ ማስጀመር ይገባል። በፓነል የተጀመረውም ቢሆን ተጠናቋል ብሎ ከመገመት በፊት የሥራውን መዝገብ (ሎግ) ማየት ያስፈልጋል።

«ፓነል ካለ ሊኑክስ ማወቅ አያስፈልግም» የሚለው ደግሞ በባለሙያዎች ዘንድም ይሰማል፤ ሊኑክስ እነዚህ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ሥርዓተ ክወና ነው። የሶፍትዌር ባለሙያው ጄሚ ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመረው ዌብሚን የሚሠራው፣ እኛ በእጃችን የምንጽፍባቸውን የማዋቀሪያ ፋይሎች ራሳቸውን በመለወጥ ነው። ለምሳሌ የድረ ገጹን ማንነት የሚያረጋግጠው ሰርተፍኬት ፋይል የሚገኝበት አድራሻ በአንዲት ፊደል ተሳስቶ ቢጻፍ፣ ቀድሞ የተነሣው አፓቼ (ገጾቹን ለጎብኚ የሚያቀርበው ፕሮግራም) በነበረው ቅንብር ሥራውን ሊቀጥል ስለሚችል ስሕተቱ ለቀናት ተደብቆ ይቆይና ሰርቨሩ ዳግም ሲነሣ ድረ ገጹ አልከፈት ይላል። የአፓቼን የቅንብር መፈተሻ ትእዛዝ የሚያውቅ ሰው ስሕተቱ ያለበትን ፋይልና የመስመር ቁጥር ወዲያው ያገኛል፤ የማያውቀው ግን የፓነሉን አዝራሮች ደጋግሞ ከመንካት በቀር ምርጫ የለውም። በእጅ የተጻፈ ሁሉ ፓነልን ያበላሻል የሚባለውም ለሁሉም አይሠራም። ዌብሚን ፋይሎቹን እንዳሉ ያነባቸዋል፤ ሲፓነል በአንጻሩ የአፓቼን ዋና ፋይል ራሱ እንደገና ስለሚያዘጋጅ፣ ተጨማሪ ቅንብር በተመደበለት የተለየ ፋይል ካልተጻፈ ይጠፋል።

ከሁሉ የሚከፋው «የይለፍ ቃሌ ጠንካራ ነው፤ ኤችቲቲፒኤስም አለው፤ ስለዚህ ማንም አይገባም» የሚለው ነው፤ ኤችቲቲፒኤስ በመንገድ ላይ ያለውን መረጃ የሚያመሰጥር ዘዴ ብቻ ነው። ፓነሉ ሙሉ የሩት (የሰርቨሩ የበላይ ተጠቃሚ) ሥልጣን የያዘ በር ነው፤ ዌብሚን በ10000፣ ኮክፒት በ9090 ፖርት (የሰርቨሩ የመግቢያ ቁጥር) እንደሚከፈቱም ጥቃት ፈጻሚዎች ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በዌብሚን ላይ የተጋለጠው ጉዳይ ማስረጃ ይሆናል፦ ጥቅሉ በሚዘጋጅበት ማሽን ላይ ሰርገው የገቡ ሰዎች የጨመሩት የተንኮል ኮድ ከ1.890 እስከ 1.920 ባሉት እትሞች ውስጥ ተገኘ፤ በ1.890 እትም ላይም የይለፍ ቃል ሳያውቁ ትእዛዝ ማስፈጸም ይቻል ነበር። ጠንካራ የይለፍ ቃል በዚያን ጊዜ ለማንም አልጠቀመም፤ የጠቀመው በ1.930 የመጣውን ማስተካከያ ፈጥኖ መጫንና ፖርቱን ለዓለም ሁሉ ክፍት አለማድረግ ነበር።

ብዙ መመሪያዎች ፖርቱን ለአንድ የኢንተርኔት አድራሻ ብቻ በፋየርዎል (ያልተፈቀደ ግንኙነትን በሚያግድ ሥርዓት) እንድንፈቅድ ይመክራሉ። ምክሩ ትክክል ቢሆንም፣ በሞባይል ዳታ ለምንሠራ ሰዎች አድራሻችን በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ራሳችንን ውጭ ዘግተን ልንቀር እንችላለን። የተሻለው መንገድ ፖርቱን ከውጭ ፈጽሞ ዘግቶ፣ በይለፍ ቃል ፈንታ በቁልፍ ፋይል በሚገባ የኤስኤስኤች (ከርቀት ሰርቨር ጋር በተመሰጠረ መንገድ የሚያገናኝ ዘዴ) ግንኙነት ውስጥ ዋሻ አበጅቶ፣ ፓነሉን በራስ ኮምፒውተር ላይ እንዳለ ያህል በሎካልሆስት፣ ማለትም በራስ ኮምፒውተር አድራሻ፣ መክፈት ነው። ይህ ተጨማሪ ክፍያ አይጠይቅም፤ ከየትኛውም አድራሻም ይሠራል።

የብራውዘሩን የሰርተፍኬት ማስጠንቀቂያ በተመለከተ፣ ፓነሉ ሲጫን ራሱ የፈረመውን ሰርተፍኬት ስለሚጠቀም ማስጠንቀቂያው የሚጠበቅ ነው፤ በማያውቁት ኔትወርክ ላይ ሆኖ ዝም ብሎ ማለፍ ግን አይገባም። ብራውዘሮች የሚያምኑት ሰርተፍኬት ሌትስ ኢንክሪፕት ከተባለው ሰርተፍኬት ሰጪ ድርጅት በነፃ ይገኛል።

በመጨረሻም «ፓነሉ በየሌሊቱ ምትኬ ይይዛል» ብለው የሚተማመኑ አሉ። ምትኬው እዚያው ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ከሆነ ዲስኩ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል። ለጥምቀት እንግዳ ወደ ጎንደር ከመጉረፉ፣ የሆቴሎችም የክፍል ማስያዣ ገጽ ከመጨናነቁ በፊት፣ በታኅሣሥ ወር ምትኬውን ወደ ሌላ ማሽን ማውረድ፣ በዚያም ላይ ዳታቤዙን ጨምሮ መልሶ በመጫን ገጹ በእርግጥ መከፈቱን ማየት ያስፈልጋል።