ሶሪንግ ምንድን ነው? በሕመም የሚገኘው እርምጃና ያልተቋጨው ክርክር

ሶሪንግ ማለት የፈረስን የፊት እግሮች ሆን ብሎ ማሳመም ነው። ዓላማው ፈረሱ በውድድር ሜዳ ላይ እግሩን ከተፈጥሮው በላይ ከፍ አድርጎ እንዲያነሣ፣ በዚያም ዳኞችን እንዲማርክ ነው። ድርጊቱ በስፋት የሚታወቀው በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ ከሁሉም በላይ በቴነሲ፣ ቴነሲ ዎኪንግ ሆርስ በተባለው የፈረስ ዝርያ ላይ ነው። ሕግ ከወጣበት ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ ዛሬም ግን አልጠፋም። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ ፈረሱን ማወቅ ያስፈልጋል። ቴነሲ ዎኪንግ ሆርስ ሰጋር ፈረስ ነው። በሰጋር በቅሎ ተጉዞ የሚያውቅ ሰው ምቾቱን አይረሳውም፤ ሶምሶማ የሚያንገጫግጨውን ወገብ ስግሪያ አይነካውም። ዝርያው በ19ኛው መቶ ዘመን በመካከለኛው ቴነሲ ሲዳቀል የተፈለገውም ለዚሁ ነበር፤ ሰፋፊ እርሻ ያላቸው ሰዎች ቀኑን ሙሉ በኮርቻ ላይ ውለው ማሳቸውን የሚቃኙበት ፈረስ አስፈለጋቸው። ሲሄድ አራቱ እግሮቹ በየተራ መሬት ይነካሉ፤ የኋላ እግሩ የፊተኛውን ዱካ አልፎ ያርፋል፤ ራሱም ከእርምጃው ጋር እኩል ላይና ታች ይላል። የዝርያው መዝገብ በ1935 በሉዊስበርግ ከተማ ተከፈተ። በ1939 ደግሞ በሼልቢቪል ከተማ ሴሌብሬሽን የተባለው ዓመታዊ የትርኢት ውድድር ተጀመረ።

ችግሩ የመጣው ከውድድሩ በኋላ ነው። በ1950ዎቹ ዳኞችና ተመልካቾች እግሩን ከሌሎቹ አብልጦ ለሚያነሣው ፈረስ ማድላት ጀመሩ። ከዓመት ዓመት እርምጃው እየተጋነነ ሄዶ ቢግ ሊክ የሚባለው አረማመድ ተፈጠረ። ፈረሱ የኋላ እግሮቹን ከሆዱ ሥር አስገብቶ ሊቀመጥ የተቃረበ እስኪመስል ዝቅ ይላል፤ የፊት እግሮቹን ደግሞ ተራ በተራ ወደ ደረቱ ይሰበስባል። አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል፤ ዋንጫውም፣ የፈረሱ ዋጋም፣ የአሠልጣኙ ስምም ከዚህ ይገኛል።

ይህን እርምጃ በትዕግሥት ሥልጠና ለማምጣት ብዙ ጊዜ ይፈጃል። በሕመም ግን በአጭር ጊዜ ይገኛል። የጋለ ምጣድ የነካ ሰው እጁን እንደሚሰበስብ ሁሉ፣ እግሩ የታመመ ፈረስም መሬት በነካ ቁጥር እግሩን ነጥቆ ያነሣል። ክብደቱን ከታመመው የፊት እግር ለማሸሽም ወደ ኋላው ይቀመጣል። ዳኛው ውበት ብሎ ነጥብ የሚሰጠው ለዚህ ሽሽት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሰኮናው ከፍ ብሎ እግሩ የሚታጠፍበት አንጓ ላይ ቆዳው ስስ ነው። እዚያ ላይ የሰናፍጭ ዘይት፣ ናፍጣ፣ ላምባ ወይም ሌላ የሚያቃጥል ኬሚካል ይቀባና በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይታሰራል። ኬሚካሉ እንደታፈነ ወደ ቆዳው ይሰርጋል። በዚያ በተቃጠለው ቆዳ ላይ ሰንሰለት ይጠለቃል፤ ደንቡ እስከ 6 አውንስ፣ ማለትም 170 ግራም ገደማ የሚመዝን ሰንሰለት ይፈቅዳል። ፈረሱ በተራመደ ቁጥር ሰንሰለቱ ቁስሉን ይመታዋል። ከሰኮናው ሥር ደግሞ ተደራራቢ ወፍራም ንጣፍ በብረት ይታሰራል፤ ይህም እግሩን ያከብደዋል፣ የእግሩንም አቋም ያዛባዋል። ቆዳውን ሳይነኩ የሚያሳምሙም አሉ፤ ሰኮናውን ከመጠን በላይ ሞርደው ሕያው ሥጋው ዘንድ ያደርሱታል፣ ወይም በንጣፉና በሰኮናው መካከል ጠንካራ ነገር ይሸጉጣሉ። ከውጭ ለሚያየው ሰው ምንም ምልክት የለውም።

በ1970 የሜሪላንዱ ሴናተር ጆሴፍ ታይዲንግስ ያቀረበው የፈረስ ጥበቃ ሕግ በፕሬዚዳንት ኒክሰን ፊርማ ጸደቀ። ሕጉን በጥንቃቄ ላነበበው ክፍተቱ ወዲያው ይታያል። የከለከለው በዚህ መንገድ የታመመን ፈረስ ለውድድር ማቅረብን፣ መሸጥንና ማጓጓዝን እንጂ ማሳመሙን ራሱን አይደለም። ሰንሰለቱንና ንጣፉንም አልከለከለም። በ1976 በተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ምርመራው በአብዛኛው ውድድሩን የሚያዘጋጁት ማኅበራት ለሚቀጥሯቸው ሰዎች ተተወ። የዚህን ውጤት የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ዋና ተቆጣጣሪ በ2010 ይፋ አደረገው። ከ2005 እስከ 2008 የመንግሥት የእንስሳት ሐኪሞች የተገኙት እነዚህ ቅጥር መርማሪዎች ከሠሩባቸው ውድድሮች በ6 ከመቶው ብቻ ነበር፤ መርማሪዎቹ ከመዘገቡት ጥፋት ሁሉ ግን 49 ከመቶው የተመዘገበው በእነዚያው ጥቂት ውድድሮች ነው። ሐኪሙ አጠገባቸው ሲቆም ያዩት ጥፋት፣ ሐኪሙ ሲሄድ አልታያቸውም ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ምን ያስፈልግ ነበር?

ምርመራው ራሱ ቀላል ነው። መርማሪው የፈረሱን እግር ያነሣና በአውራ ጣቱ የአንጓውን ዙሪያ ቀስ እያለ ይጫናል። ፈረሱ እግሩን ከነጠቀ፣ ጭንቅላቱን ከወረወረ ወይም ሆዱን ካኮማተረ እንደታመመ ይጠረጠራል። ይህን ለማለፍ ብዙ ዘዴ ተፈጥሯል፤ በምርመራው ሰዓት አደንዝዞ ሜዳ ሲገባ የሚለቅ መድኃኒት ይቀባል፣ ጠባሳ በአሲድ ይፋቃል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን በጋጣ ውስጥ የሚደረገው የይስሙላ ምርመራ ነው። አንድ ሰው መርማሪ ሆኖ የታመመውን እግር ይጫናል፤ ፈረሱ ከተንቀሳቀሰ ሌላው ፊቱን ይመታዋል። ይህ ይደጋገማል። በመጨረሻ ፈረሱ ሕመሙን ውጦ ዝም ብሎ መቆምን ይማራል። እንስሳ ያለው ብቸኛ የአቤቱታ መንገድ ሰውነቱን ማሸሽ ነው፤ እሱንም ነጠቁት።

በ2006 በሼልቢቪል አብዛኞቹ ተፎካካሪዎች በመንግሥት ሐኪሞች ምርመራ በመውደቃቸው የፍጻሜው ውድድር ተሰርዞ ዓመቱ ያለ ሻምፒዮን አለፈ። በ2012 ደግሞ በድብቅ የተቀረጸ ፊልም በቴሌቪዥን ታየ፤ አንድ ስመ ጥር አሠልጣኝ የፈረሶችን እግር ኬሚካል ሲቀባና ሲደበድባቸው ያሳያል። ፔፕሲ የውድድሩን ስፖንሰርነት አቋረጠ። አሠልጣኙ በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኖ 75,000 ዶላር ተቀጣ፤ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ግን እስር አልፈረደበትም።

ክርክሩ በትክክል የት ላይ እንዳለ መለየት ያሻል። በሌሎች የፈረስ ስፖርቶች ሙግቱ አንድ የሥልጠና ዘዴ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚል ነው፤ ድሬሳዥ በተባለው፣ ፈረሱ በጋላቢው ትእዛዝ የተወሰኑ እንቅስቃሴዎችን በሚያሳይበት ስፖርት፣ የፈረሱን አንገት አጥፎ አፍንጫውን ወደ ደረቱ በማስጠጋት ማሠልጠን ለዓመታት ያከራከረው በዚህ ነው። ሶሪንግን ግን በአደባባይ የሚደግፍ የለም። የሚያከራክረው ሰንሰለቱና ንጣፉ ነው። የቢግ ሊክ ደጋፊዎች ሁሉም ፈረስ የታመመ አይደለም፣ በአውራ ጣት የሚደረግ ምርመራ በመርማሪው ስሜት ላይ ይመሠረታል፣ አንዱ ያሳለፈውን ሌላው ይጥለዋል ይላሉ። በአላባማ የሚገኘው ኦበርን ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ መጨረሻ የጀመረውን ጥናት ይጠቅሳሉ፤ ጥናቱ ቀላል ሰንሰለት ጤናማ ቆዳን እንዳልጎዳ አሳይቷልና። ውድድሩ ለአነስተኛ ከተሞች የሚያመጣው ገቢም አለ።

ከእነዚህ ውስጥ ስለ ምርመራው የሚነሣው ቅሬታ ተገቢ ነው፤ ንጹሕ ሰው በአንድ ጣት ስሜት መቀጣት የለበትም። መልሱ ግን የሠለጠነ ሐኪምና የላቦራቶሪ ናሙና ነው፤ በ2021 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች ምርመራው ለእንስሳት ሐኪሞች እንዲሰጥ መክረዋል። የሰንሰለቱ ክርክር ግን አያሳምነኝም። ጤናማ ቆዳን ያልጎዳ ሰንሰለት የተቃጠለ ቆዳ ላይ ሌላ ነገር ነው፤ ሶሪንግ የሚጠቀምበትም ለዚሁ ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርና የፈረስ ሐኪሞች ማኅበር በ2012 ሁለቱም መሣሪያዎች እንዲታገዱ በጋራ ጠይቀዋል።

ያንን እገዳ የያዘው ረቂቅ ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት በ2019 በ333 ድምፅ ለ96፣ በ2022 ደግሞ በ304 ለ111 አለፈ። ሴኔቱ ለሁለቱም ድምፅ አልሰጠባቸውም። የግብርና መሥሪያ ቤቱ በ2024 በራሱ ሥልጣን ተመሳሳይ ደንብ አወጣ፤ ነገር ግን ደንቡ ሥራ ላይ ሳይውል በጥር 2025 በቴክሳስ የሚገኝ የፌዴራል ዳኛ ዋና ዋናዎቹን ክፍሎች፣ የሰንሰለቱንና የንጣፉን እገዳ ጨምሮ፣ ሻራቸው።

እኔ ግን ከሕጉ ይልቅ የውድድሩ ዳኛ የነጥብ ወረቀት ያሳስበኛል። ሕመም የሚወልደው እርምጃ አንደኛ እስከወጣ ድረስ ሕመሙን የሚደብቅ አዲስ መላ ይፈለጋል፤ መርማሪም ሁልጊዜ ከኋላ ይሮጣል። በአሜሪካ ይህንኑ ዝርያ ያለ ንጣፍና ያለ ሰንሰለት፣ በተራ የሰኮና ብረት የሚያወዳድሩ ማኅበራት አሉ። እዚያ የሚዳኘው ስግሪያው ነው፦ ርጋታው፣ የእርምጃው ስፋት፣ የጭንቅላቱ ውዝዋዜ። በተራ ብረት ከሚወዳደሩት ፈረሶች መካከልም ጥፋት የተገኘባቸው ስላሉ ምርመራው እዚያም አይቀርም። ነገር ግን እግሩን ወደ ደረቱ የሚሰበስብ ፈረስ በእነዚህ ሜዳዎች ብልጫ ስለማያገኝ፣ እግሩን ለማሳመም የሚያነሣሣው ጥቅም በእጅጉ ያንሳል።