«ሙሉው አባባል» የሚባል በሽታ

ሃያ ዓመት ያህል በትርጉም ሥራ ኖሬያለሁ። የልደት ሰርተፊኬት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ ውክልና፣ አልፎ አልፎም የሠርግ ንግግር። እንግሊዝኛ አልችልም የሚል ደንበኛ አስቸግሮኝ አያውቅም። የሚያደክመኝ ቲክቶክ ላይ ስለ እንግሊዝኛ አባባሎች የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አይቶ «ጋሼ፣ ግማሹን ደብቀውን ነው እንጂ ሙሉው አባባል እኮ እንዲህ ነው» የሚለኝ ነው። ማን እንደደበቀው አይነግረኝም። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የተቆረጠ የለም፣ ዘግይቶ የተቀጠለ ጭራ ነው ያለው።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«የማወቅ ጉጉት ድመቷን ገደላት፤ እርካታ ግን መለሳት» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1598 በቤን ጆንሰን ተውኔት ላይ ድመት የሚገድለው ጉጉት እንኳ አይደለም፣ ጭንቀት ነው። ጉጉት የገባው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ድመቷ ከሞት የተነሣችው ደግሞ በ20ኛው።

«ደንበኛ ሁልጊዜ ትክክል ነው» የሚለውም «በምርጫ ጉዳይ» የሚል ተቆርጦበታል ይባላል። አልተቆረጠበትም። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እንደ ቺካጎው ማርሻል ፊልድና እንደ ለንደኑ ሰልፍሪጅ ያሉ ትልልቅ መደብሮች ያስለመዱት መፈክር ነው፤ ሐሳቡም ቅሬታ ይዞ የመጣን ሰው አትከራከረው ነው። የእኛዎቹ ሱቆች «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ብለው ይለጥፋሉ። ንጉሡ ዝርዝር ካልያዘ ግን ባዶ እጁን ይመለሳል።

ሲቪ የሚያስተረጉሙ ልጆች የሚወዱት «ሁሉን የሚሞክር የአንዱም ጌታ አይደለም፤ ቢሆንም ከአንድ ሙያ ጌታ ይሻላል» የሚለውን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልለዝብ። በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዞች «ሁሉን ሠሪው ጃክ» (ጃክ እዚህ እገሌ እንደማለት ነው) ብቻ ነበር የሚሉት፤ «የአንዱም ጌታ አይደለም» የሚለው ነቀፋ ራሱ በ18ኛው የተጨመረ ነው። መጽናኛው ግን የእኛ ዘመን ሥራ ነው። እኔስ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» በሚለው ላይ «መሰላል ያለው ግን ይወጣል» ብዬ ቀጥዬ የአባቶቻችን ሙሉ ቃል ይህ ነው ብል ማን ያምነኛል?

ደሜን የሚያፈላው ግን የደሙ ነው።

እንግሊዞች «ደም ከውሃ ይወፍራል» ይላሉ፤ ዘመድ ከባዳ ይበልጣል ማለታቸው ነው። እኛ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» እንደምንለው። አሁን «ሙሉው» እየተባለ የሚዞረው «የኪዳን ደም ከማኅፀን ውሃ ይወፍራል» የሚል ነው። ትርጉሙ ተገልብጦ ጓደኛ ከወንድም ይበልጣል ሆኖ አረፈው። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አለ የሚሉም አይጠፉም። የለም። ምዕራፉን ጠይቋቸው።

ዋልተር ስኮት እ.ኤ.አ. በ1815 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ አንድ ገበሬ ስለ ዘመዱ ሲናገር «ደም ከውሃ ይወፍራል፤ አይቡም የአሳማ ጭኑም ይሁንላት» ይላል። ስለ ኪዳን ትንፍሽ አላለም። በ1885 ደግሞ አሜሪካዊው ቄስ ሄንሪ ክሌይ ትራምቡል ስለ ደም ኪዳን በጻፈው መጽሐፍ፣ ዓረቦች ዘንድ ደም ከወተት ይወፍራል የሚል ሐሳብ እንዳለ አንሥቷል። በደም የተማማሉ ሰዎች አንድ ጡት ከጠቡ ይበልጥ ይቀራረባሉ ለማለት ነው። የዛሬው ወሬ ከዚያ ሳይቀዳ አይቀርም። ግን ትራምቡል ራሱ እንግሊዝኛውን የጠቀሰው በዚያው በአጭሩ ነው። «የማኅፀን ውሃ» የምትለውን ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ በፊት በታተመ ጽሑፍ ላይ እስካሁን ያሳየኝ የለም፤ የሚያሳየኝ ቢመጣ ሻይ እኔ ነኝ።

አምና ከሜሪላንድ የመጣ ሚዜ የሠርግ ንግግሩን ወደ አማርኛ እንድመልስለት አመጣልኝ። መሀሉ ላይ ይህችው ተቀምጣለች።

«ይህን አውጣው፤ የሙሽራው ወንድሞች ፊት ለፊትህ ነው የሚቀመጡት» አልኩት።

«ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩት አሮጌውን ነው» አለኝ።

እንዳለ ተረጎምኩለት። ከፋዩ እሱ ነው። ከሠርጉ በኋላ ቪዲዮውን ላከልኝ። «የማኅፀን ውሃ» የሚለው ጋ ሲደርስ የሙሽራው እናት የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ዞር ብለው ታላቁን ልጃቸውን ያያሉ። ኋላ እንደሰማሁት ድንኳኑን ያስተከለው፣ በሬውንም የገዛው እሱ ነው።

ስለዚህ «ሙሉው» የሚል ቃል ስትሰሙ መጀመሪያ ዓመት ጠይቁ። ቀጥሎ ጭራው ከራሱ ከአባባሉ ጋር የሚጣላ መሆኑን እዩ፤ ከተጣላ ተጠራጠሩ። ለሠርግ ከሆነ ደግሞ የእንግሊዞችን ተዉትና የራሳችሁን ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው።

በእርግጥ የተቆረጠ አንድ አለ፤ ስለሱ ግን ማንም ቪዲዮ አይሠራም። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ቲሸርት ላይ ሊያሳትም «ገንዘብ የክፋት ሁሉ ሥር ነው» የሚል የእንግሊዝኛ ጥቅስ ይዞ መጣ። አማርኛውን ጮክ ብዬ ሳነብለት፣ የውክልና ወረቀታቸውን የሚጠብቁ አንዲት እናት ቀና አሉ።

«ገንዘብን መውደድ ነው የሚለው፣ ልጄ። ጢሞቴዎስ ላይ።»

ልጁ ስልኩን አውጥቶ መፈለግ ጀመረ። እሳቸው ወረቀታቸውን ተቀብለው፣ ማኅተሙን አይተው ወጡ።