አረፋው ስለበዛ ሳሙናው ጥሩ ነው ያላችሁ ማነው?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስር ትንሽ የወንዶች ፀጉር ቤት አለችኝ። ሁለት ወንበር፣ አንድ ሮቶ፣ አንድ ማንቆርቆሪያ። ቶንዶስ ሁሉም ጋ አለ። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው በብሩሽ አረፋ መትቼ ጺሙን በምላጭ እንድሠራለት ነው። ታዲያ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ስለ ሳሙና አስተያየት አለው። አስተያየት አልጠላም፤ ሁሌ ያው አስተያየት ሲሆን ነው የሚያንገሸግሸኝ። ባለፈው ቅዳሜ ብቻ አራት ሰው «ይሄ ሳሙናህ አረፋ የለውም» አለኝ። አራተኛው ላይ ትዕግስቴ አለቀ፣ ይኸው ጻፍኩት።

ትንንሾቹን መጀመሪያ ላራግፍ።

«በምላጭ ከተላጨህ ጺሙ ወፍሮ ይወጣል።» አይወፍርም። ሚልድሬድ ትሮተር የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1928 ፈትሻ ያበቃ ጉዳይ ነው። ምላጭ ሥሩ ጋ አይደርስም። ቀጭኑ ጫፉ ስለሚቆረጥ ሲያድግ ይሻክራል፣ በቃ።

«ውሃው የፈላ ይሁን።» ፊት ነው እንጂ ዶሮ አይደለም የምንነጨው። ለብ ያለ ይበቃል።

«ስትጨርስ ሎሚ እሸኝ።» ሎሚ አሲድ ነው። አዲስ የተላጨ ቆዳ ያቃጥላል፣ ከዚያ ፀሐይ ካገኘው ደግሞ ሊያጠቁር ይችላል። ቀዝቃዛ ውሃና ንጹህ ፎጣ ይበቃችኋል።

«ሞራ ያለበት ሳሙና ሥጋ ሥጋ ይሸታል።» ሞራው ተጣርቶ ሳሙና ከሆነ በኋላ የምታሸቱት ሽቶውን ነው። በጾም ወራት በሞራ ሳሙና መላጨት ይቻላል ወይ ብሎ የጠየቀኝም አለ። እሱን የንስሐ አባትህን ጠይቅ አልኩት፤ እኔ ጺም ነው የምሠራ።

አሁን ወደ አረፋው። አረፋ ከበዛ ሳሙናው ጥሩ ነው ያላችሁ ማነው? ኦሞም አረፋ ያወጣል፣ ፊታችሁን በኦሞ ትታጠባላችሁ? እንዶድ ከማንም በላይ አረፋ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት በዚያው እንዶድ ነው። አረፋ መብዛቱ ለፊት መስማማቱን አይነግርም።

ጺም የሚያለሰልሰው ሳሙናው ሳይሆን ውሃው ነው። ፀጉር ውሃ ይጠጣል፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ከራሰ በኋላ ምላጭ በቀላሉ ይቆርጠዋል። የሳሙናው ሥራ ያንን ውሃ ጺሙ ላይ ይዞ ማቆየትና ምላጩን ማንሸራተት ነው። ትልልቅ ፊኛ ያለው አረፋ ውስጥ ያለው ግን አየር ነው። አየር ምላጭ አያንሸራትትም። ከጣሳ ተነፍቶ የሚወጣው ፎም ተራራ የሚያክለው በጋዝ ስለሚነፋ ነው፣ ያን ያህል ሳሙና ስላለው አይደለም። የኮኮናት ዘይት የበዛበት ሳሙናም ቶሎ ይነፋና ቶሎ ይከስማል። ጥሩ የጺም ሳሙና ስቴሪክ አሲድ የሚባል ስብ በብዛት አለው፣ ከሶዲየም ሌላ ፖታሽየምም ገብቶበት ይሠራል። ለዚህ ነው ከገላ ሳሙና ለስለስ የሚለውና ውሃ የሚይዘው። አረፋው እንደ ጠላ አይንጫጫም፣ እንደ እርጎ ይተኛል። ብርሃን ላይ ስታዩት ያበራል እንጂ ቀዳዳ የለውም።

ቆይ፣ ይሄ ብቻ አይደለም። አንዱ ደንበኛዬ ከኮልፌ ወደዚህ ተዛወረና ስድስት ወር ሙሉ «ሳሙናው ተበላሽቷል፣ ፎርጅድ ነው የሸጡልኝ» እያለ አዘነ። ሳሙናው ያው ነው ወንድሜ! የተለወጠው ውሃህ ነው። እዚያ ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣ ውሃ ነበር የምትጠቀመው፣ እዚህ አቃቂ በኩል የጉድጓድ ውሃ ነው። የጉድጓድ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ይወጣል። እነሱ ሳሙናውን ይይዙትና አረፋ ከመሆኑ በፊት ነጭ ዝቃጭ ያደርጉታል። ካላመናችሁ ማንቆርቆሪያችሁን ከፍታችሁ ታቹን በጥፍር ፋቁት፣ ያ ነጭ ቅርፊት ከነካልሲየም የመጣ ነው።

እኔ ራሴ ያመንኩት ሐምሌ ላይ ነው። ውሃ ከጠፋ አምስተኛ ቀኑ ነበር፣ ሮቶው ባዶ። ዝናቡ ሲወርድ ባልዲ አሸንዳ ስር አስቀመጥኩ። ያንኑ ሳሙና፣ ያንኑ ብሩሽ ይዤ በዝናብ ውሃ ስመታው ገና አሥር ጊዜ ሳላዞር ብሩሹ ሞላ፣ እጄ ላይ ፈሰሰ። ወንበሩ ላይ የነበረው ሰውዬ «አዲስ ሳሙና ገዛህ እንዴ?» አለኝ።

ስለዚህ የጉድጓድ ውሃ ያላችሁ እንዲህ አድርጉ። ውሃውን አፍሉት፣ ይቀዝቅዝ፣ ከላይ ከላይ ቅዱ። ብሩሹን ሁለት ደቂቃ ዘፍዝፉት፣ ጨምቁት፣ ሳሙናው ላይ ከምታስቡት በላይ አሽከርክሩት። ብዙ ሰው የሚሰስተው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ውሃ በጠብታ በጠብታ። አንድ ጊዜ ከደፋችሁበት ጠላ ሆነ ማለት ነው፣ ድገሙት። ብሩሽ ደግሞ አትዋሱ። ምላጭማ ዓይናችሁ እያየ ከማሸጊያው ካልተከፈተ ከወንበሩ ተነሱ፣ ይሉኝታ ቢጤ አይያዛችሁ።

ሌላው የሚያደርቀኝ «የቱ ሳሙና ነው አንደኛ?» የሚለው ነው። አንደኛ የለም። የቱርኩ አርኮ ዱላው በቀጥታ ጺም ላይ ይታሻል፣ ርካሽ ነው፣ አረፋው ግን ከማንም አያንስም። አንድ የምወዳቸው ጋሼ «ይሄ የንጽህና ሽታ ነው» ይላሉ፤ ባለቤታቸው ደግሞ የሽንት ቤት መድኃኒት ነው የሚሸተው ብለው ከመኝታ ቤት አስወጥተውታል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የጣሊያኑ ፕሮራሶ አረንጓዴው ባህር ዛፍና ሜንቶል አለበት። እህቱ ከሮም ያመጣችለት ልጅ ክዳኑን ከፍቶ ሲያሸተኝ «ይሄማ እንጦጦ ነው» አልኩት፣ ደስ አላለውም። ግማሽ ፊቱን በሱ፣ ግማሹን በአርኮ አረፋ መትቼ ሠራሁለት። የቱ ጣሊያኑ እንደሆነ ለይ ብለው ሽታውን እንጂ ምላጩን መለየት አልቻለም። ግን ጣሊያኑን አልተወም፣ ልክ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ሽታው ደስ ይለዋል። እኔ ሜንቶል አይስማማኝም፣ ዓይኔን ያስለቅሰኛል። ደግሞ «ያቀዘቅዛል» አትበሉኝ፣ ቅዝቃዜ የሚሰማውን ነርቭ ነው የሚቀሰቅሰው እንጂ ፊታችሁ ያው እንደሞቀ ነው። ቆዳቸው ቶሎ ለሚቆጣ ሽቶ ያልበዛበት ይሻላል።

አንገታችሁ ሽፍ ሲል ግን ሳሙናውን ከመስደባችሁ በፊት ጺማችሁን እዩ። የእኛ ጺም ከርዳዳ ነው። ሙልጭ ተደርጎ ወደ ላይ ሲላጭ ጫፉ ይሾልና ተጠምዝዞ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ሦስት ሳሙና ቀይሮ ሦስቱንም የጣለ ልጅ ነበር፤ አራት ሳምንት ምላጭ ከለከልኩት፣ ከዚያ በቶንዶስ ትንሽ እያስቀረሁ ሠራሁለት፣ አንገቱ ጠራ። ሳሙናዎቹን ወንድሙ ወሰዳቸው፣ እሱን ምንም አላደረጉትም።

ሰኞ ዝግ ነኝ። የራሳችሁን ሳሙና ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ፣ አረፋውን ግን እኔ ነኝ የምመታው።