የፉክክር ቤት ሳይዘጋ ያድራል

ሁለት ሰዎች አንድ ቤት ተኝተዋል። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ብርድ ይገባል። «ተነሥና ዝጋ» ይላል አንዱ። «ለምን እኔ? አንተ ዝጋ!» ይነጋል። በሩ እንደተከፈተ ነው።

የአነጋገሩ ሥዕል ይኸው ነው። የጋራ ሥራ ላይ ሁሉም «እኔ ከማን አንሼ!» ብሎ ነገሩ ሲበላሽ እንተርተዋለን። ፉክክር ሲባል መሽቀዳደም እንዳይመስላችሁ። እዚህ ላይ እልህ ነው። ሌባ ቢመጣ ደግሞ የሁለቱንም ነው የሚወስደው።

ይህን ተረት የሚያስተባብል የሚመስል በር ግን አለ። ከአምሪትሳር ወደ ላሆር በሚወስደው መንገድ፣ የህንድና የፓኪስታን ድንበር ላይ። የህንዱ ወገን አታሪ፣ የፓኪስታኑ ዋጋህ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የሁለቱ አገር ወታደሮች በር ሊዘጉ ይወጣሉ። ህንዶቹ ካኪ፣ ፓኪስታኖቹ ጥቁር ለብሰዋል። ጥምጥማቸው እንደ ማራገቢያ ተዘርግቷል። እግራቸውን እስከ ግንባራቸው ይሰቅላሉ፤ ይፋጠጣሉ። ሕዝቡ ከሁለቱም ወገን ይጮኻል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ባንዲራው ነው። ቀድሞ የወረደ የተሸነፈ ይመስላል። ስለዚህ ሁለቱም እኩል መውረድ አለባቸው። ገመድ የያዘው ወታደር የራሱን ብቻ እያየ አይሆንለትም፤ የባላንጣውን እጅ መከተል አለበት። አላንስም ባይነቱ ራሱ አስማማቸው! ከዚያ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ፣ ፈጠን ያለ መጨባበጥ ነበር፤ በሩም ድርግም ይል ነበር።

ምስጢሩ ምን መሰላችሁ? በሩ ሁለት ነው። እያንዳንዱ የራሱን ይዘጋል፤ «አንተ ዝጋ» የሚባባሉበት ነገር የለም።

የባንዲራ ምሰሶው ላይ ግን እልሁ አልበረደም። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ 110 ሜትር የሚረዝም አቆመች። ወራት ሳይቆይ ፓኪስታን 122 ሜትር ተከለች። ህንድ በ2023 ከዚያም የሚበልጥ ይዛ መጣች።

በሚያዝያ 2025 ካሽሚር ውስጥ ፓሃልጋም ላይ ጎብኚዎች ከተገደሉ በኋላ፣ ህንድ መጨባበጡን አስቀረች፤ በሯንም መክፈት ተወች። ሁለቱ አገሮች ለጥቂት ቀናት ከተታኮሱ በኋላ ሥርዓቱ በግንቦት ለተመልካች ሲመለስ፣ የህንድ ወታደሮች እግራቸውን የሰቀሉት በተዘጋ በር ፊት ነበር።