ሁሉም ነገር ጅማት አይደለም

ቢቸና ያለችው አክስቴ ዘንድ በሽታ ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ ጅማት። ወገቧን ሲይዛት ጅማት ነው። እጇ ሲደነዝዝም ጅማቷ ዞሮባት ነው። ነርቭ ማለት ለእሷ ከጅማት ጋር ያው ነው። እውነቷን ለመናገር እኔም ልጅ ሆኜ ነርቭ ሥጋ ላይ የማየው ነጭ ገመድ ይመስለኝ ነበር።

አይደለም። ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር ያያይዛል፤ ሥራው መጎተት ነው። ነርቭ ግን መልእክት አመላላሽ ነው። የነርቭ ሕዋሳት ቀጫጭን ክሮች ተጠቅልለው የሠሩት ነው። ከወገብ እስከ እግር ጣት የሚወርደው አንድ ክር 1 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የአንዲት ሕዋስ ክር ነው እንግዲህ!

«ትእዛዝ ሁሉ የሚመጣው ከአንጎል ነው» የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። የጋለ ምጣድ ሲነካሽ እጅሽን መንጭቀሽ የምታነሽው ሳታስቢው ነው። ትእዛዙን የሰጠው በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው ሕብለ ሰረሰር ነው። አንጎል ወሬውን የሚሰማው ዘግይቶ ነው።

«የምንጠቀመው የአንጎላችንን 10 በመቶ ብቻ ነው» የሚለውን ተዉት። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ከጉልበቱ 20 በመቶውን ይበላል። ሥራ ፈት ይህን ያህል ማን ይቀልባል?

አሁን ነርቭን ወደሚጎዳው ጥራጥሬ፣ ወደ ጓያ። በእኛ አገር ዋልካ መሬት ላይ ክረምቱ ሲወጣ ይዘራል፤ ዝናብ ቢጠፋም አያሳፍርም። «ገለባው ላይ የተኛ፣ ሲቀቀል እንፋሎቱ የመታው እግሩ ይያዛል» ይላሉ። እግር መያዙ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ሽባ የሚያደርገው ጓያን ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ አድርጎ መብላት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ የነርቭ ሕዋስ ከሌላው ጋር የሚነጋገረው በመካከላቸው ባለች ጠባብ ክፍተት በኩል ኬሚካል እየላከ ነው። በጓያ ውስጥ ያለው መርዝ ከእነዚህ ኬሚካሎች አንዱን ይመስላል። ሕዋሱን ያለ ዕረፍት ይቀሰቅሰዋል፤ በመጨረሻም ይገድለዋል። የሚጎዱት በተለይ ከአንጎል ወደ ሕብለ ሰረሰር ወርደው እግርን የሚያዝዙት ሕዋሳት ናቸው። ከሕብለ ሰረሰር ወደ ጡንቻ የሚሄዱት ግን ይተርፋሉ። ስለዚህ እግሩ አይዝልም፤ ይገተራል። ሰውየው በጣቶቹ እየረገጠ፣ ጉልበቶቹ እየተጠላለፉ በምርኩዝ ይሄዳል። አእምሮው ደኅና ነው።

አክስቴ ይህን አይታ «ጅማቱ አጥሮ ነው» ትላለች። ወጌሻ ቢያሸውም የሞተ የነርቭ ሕዋስ አይመለስም። ጓያን ዘፍዝፎ፣ ቀቅሎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላትም ይረዳል።

ይህን ሁሉ ነግሬያታለሁ። ዛሬም የጓያ ገለባ ስታይ ዞራ ታልፋለች። የጓያ ሽሮዋን ግን ማን ነክቶባት!