ሥር የሰደደ የአንገት ሕመምና ኦስቲዮፓቲ፦ የምንሰማውና እውነታው

እህቴ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። ሥራዋ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው። አንገቷን ማመም ከጀመራት ዓመት ሊሞላት ሲል ሐኪሟ ኦስቲዮፓቲ ሞክሪ አለቻት። ኦስቲዮፓቲ ጡንቻንና መገጣጠሚያን በእጅ እየዳሰሱ፣ እየሳቡና እያንቀሳቀሱ የማከም ሙያ ነው። ወሬው ዘመድ ጋ ሲደርስ ሁሉም የሰማውን ነገራት። ብዙው ልክ አልነበረም። ብዙ ሰው እንደሚሰማው ስለማውቅ አንድ በአንድ ልጻፈው።

«የተዛባውን አጥንት ወደ ቦታው ይመልሳል»

ይህን ያለችው እናቴ ናት። አልፈርድባትም፤ እሷ የምታውቀው ወጌሻን ነው። የወለቀ ትከሻ ሲመለስ በእርግጥም ከቦታው የወጣ ነገር ነበር። ከሦስት ወር ያለፈ የአንገት ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ የወለቀ ነገር የለውም። ሙያውን የጀመረው አሜሪካዊው አንድሪው ቴይለር ስቲል ራሱ የብዙ በሽታ ሥር የአጥንት መዛባት ነው ብሎ ያምን ነበር። የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ሚዙሪ ውስጥ የከፈተው በ1892 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ማብራሪያው ሌላ ነው፦ የእጁ ንክኪና እንቅስቃሴ ነርቮች የሚያስተላልፉትን የሕመም ስሜት ያለዝባል፣ የተወጠረው ጡንቻ ይላላል፣ ሰውየውም አንገቱን ለማዞር መፍራቱን ይተዋል።

«ቋ ካላለ አልሠራም»

አንድ ቀን አብሬያት ገብቼ ነበር። ሐኪሟ ከአልጋው ራስጌ ተቀምጣ ሁለት እጇን ከማጅራቷ ሥር አስገባች። የእህቴን ራስ በቀስታ ወደ ቀኝ አዞረች፤ አልሄድ ሲላት ቆመች። ከዚያ እህቴን በራስሽ እጄን ወደ ግራ በትንሹ ግፊ አለቻት። አምስት ሰከንድ ያህል። ልቀቂ አለቻትና ራሷን ትንሽ ወደ ቀኝ ጨመረችላት። ሦስት አራት ጊዜ ደገሙት። ምንም ድምፅ አልነበረም። ስንመለስ መኪና ውስጥ ዞራ የኋላውን መስታወት አየች። ለወራት ያላደረገችው ነገር ነው።

በሌሎች ዘዴዎች ላይ የሚሰማው «ቋ» የሚል ድምፅ በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ካለው ጋዝ የሚመጣ ነው። የመዳን ምልክት አይደለም።

«ዲ.ኦ. እንጂ ዶክተር አይደለችም»

አሜሪካ ውስጥ ስሟ ላይ ዲ.ኦ. (የኦስቲዮፓቲ ሕክምና ዶክተር ማለት ነው) የተጻፈላት ሐኪም ሙሉ ዶክተር ናት። መድኃኒት ታዝዛለች፣ ሠልጥናበት ከሆነ ቀዶ ሕክምናም ትሠራለች። እንግሊዝ አገር ግን ኦስቲዮፓት በሕግ የታወቀ ለብቻው የቆመ ሙያተኛ ነው እንጂ የሕክምና ዶክተር አይደለም። የትኛው አገር እንዳሉ ማየት ነው።

«ፍቱን ነው»፣ «ብር ማባከን ነው»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ግምገማ ሥር በሰደደ የአንገት ሕመም ላይ የተሠሩ ሦስት ጥናቶችን አንድ ላይ አየ። ከ100 በሚለካው የሕመም መጠን ኦስቲዮፓቲ ያገኙት ሰዎች ካላገኙት 13 ነጥብ ያህል የበለጠ ቀንሶላቸዋል። ይህ ትንሽ አይደለም። ሌሊት እንቅልፍ ለነሳው ሰው ብዙ ነው። ግን በሦስቱም ጥናቶች የነበሩት ሰዎች ተደምረው 123 ብቻ ናቸው። የዕለት ሥራን በማቅለል በኩል ደግሞ ልዩነቱ አሳማኝ አልነበረም። ስለዚህ ይረዳል፣ ግን ብዙ ቃል አይገባም።

ሌላም አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት ሕመማቸው ሦስት ወር ያልዘለለ 272 ሰዎችን በሦስት ከፍሎ ነበር፦ አከርካሪን በእጅ ማከም፣ መድኃኒት፣ የቤት ውስጥ እንቅስቃሴ። በእጅ ማከሙ ከመድኃኒቱ በለጠ፤ እንቅስቃሴው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ከማከሙ ጋር ተቀራራቢ ውጤት አመጣ። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ በእጅ መታከሙ ለእንቅስቃሴው በር ይከፍታል እንጂ አይተካውም። እህቴም ብዙ የረዳት ሐኪሟ ያሳየቻትን በየቀኑ መሥራቷ ይመስለኛል። ኢትዮጵያ ያለ ሰውም ኦስቲዮፓት አጣሁ ብሎ መቸገር የለበትም፤ ፊዚዮቴራፒስት በእጅም ያክማል፣ እንቅስቃሴውንም ያሳያል።

«ኤምአርአይ ዲስክ አሳይቷል፣ በቃ»

ጃፓን ውስጥ ምንም ሕመም የሌላቸው 1,211 ሰዎች አንገታቸው በኤምአርአይ ታይቶ ነበር። 87.6 በመቶዎቹ ወጣ ያለ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ነገር) ነበራቸው። ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ የሕመሙ ምክንያት አይደለም።

«በእጅ ብቻ ስለሆነ ምንም አያመጣም»

እዚህ ላይ እባካችሁ ተጠንቀቁ። ፀጉር ቆራጩ በመጨረሻ አንገት ይዞ ድንገት ሲያዞር አታስነኩ። በኃይል የሚደረግ ጠምዘዝ፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ ወደ አንጎል ደም የሚወስደውን ሥር ሊሰነጥቅና ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ከአደጋ ወይም ከውድቀት በኋላ የመጣ ሕመም፣ የእጅ መዛል፣ የእግር መንገዳገድ፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል፣ ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት መክሳት ካለ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ከዚህ በፊት አሞት የማያውቅ ኃይለኛ የአንገትና የራስ ሕመም ድንገት ተነስቶ ማዞር፣ አጥርቶ አለመናገር ወይም ነገሮችን ድርብ ማየት ከተጨመረበት ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።